የሐሞት መታገድና የጉበት ደም ሥሮች ግድግዳ

ሕዝባችን ሐሞትን ከወኔ ጋራ አያይዞ የመናገር የቆየ ልማድ አለው። ቆራጡን ሰው «ሐሞተ ኮስታራ»፣ ፈሪውን «ሐሞተ ቢስ» ይለዋል፤ የደነገጠ ሰውም «ሐሞቴ ፈሰሰ» ብሎ ይናገራል። ይህ አነጋገር ለቋንቋችን ጌጥ ነው። የሕክምና ትምህርት ግን በዚሁ በሐሞት ነገር የተገላቢጦሹን ያስተምረናል፤ ለሰው አካል የሚያሠጋው ሐሞት መፍሰሱን ሲያቆም ነውና።

ሐሞት መንገዱ ታግዶ በጉበት ውስጥ ሲጠራቀም ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ዓይነ ምድር ይነጣል፤ ሰውነትም ያሳክካል። ሕዝቡ ይህን ከሌሎች የጉበት ሕመሞች ጋራ አንድ አድርጎ «የወፍ በሽታ» ይለዋል። የሕክምና ሊቃውንት ለረጅም ዘመን የጉዳቱን ምክንያት ሲያስረዱ፣ የታገደው ሐሞት ራሱ እንደ ብርቱ ሳሙና የጉበትን ሥጋ ይበላዋል ይሉ ነበር። ይህ አባባል ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተደረጉት ምርምሮች በመካከሉ ሌላ ባለጉዳይ እንዳለ አሳይተዋል። እርሱም የጉበትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ግድግዳ ነው። ይህ ግድግዳ በደኅናው ጊዜ የአካልን መቆጣት የሚያበርድ ሲሆን፣ ሐሞት በታገደ ጊዜ ግን ለዚያው ቁጣ በር የሚከፍት ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የግድግዳውን ሥራ በቀላል አነጋገር ማስረዳት፣ ከዚያም ይህን ማወቅ ለቤተሰብና ለአስተዳደር ሠራተኛ ምን እንደሚጠቅም ማመልከት ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ይሁን።

1ኛ/ ስለ ጉበትና ስለ ሐሞት መንገድ

የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች ይገኛል። ከሌሎች የአካል ክፍሎች የሚለይበት አንዱ ነገር ደም በሁለት መንገድ የሚደርሰው መሆኑ ነው። አንደኛው መንገድ ከልብ የሚመጣው ደም ቅዳ ነው፤ በዚህ በኩል የሚገባው ደም ከጠቅላላው አንድ አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሦስት አራተኛ ከአንጀት፣ ከጨጓራ፣ ከጣፊያና ከቆሽት ተሰብስቦ በአንድ ታላቅ ደም ሥር ይገባል። ስለዚህ ከምግብ የተገኘው ነገር ሁሉ ወደ ቀረው አካል ከመሠራጨቱ በፊት፣ የነጋዴ ሸቀጥ በኬላ እንደሚፈተሽ፣ መጀመሪያ በጉበት በኩል ያልፋል። ከምግቡም ጋራ በአንጀት ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች የተሰበረ ቅንጣትና መርዝ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይደርሰዋል።

ጉበት በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ማር እንጀራ ስድስት ማዕዘን ባላቸው ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ደም ከየክፍሉ ዳር ገብቶ በቀጫጭን መተላለፊያዎች ወደ መካከሉ ይፈስሳል። ሐሞት ደግሞ በተቃራኒው ከመካከል ወደ ዳር ይሄዳል። የጉበት ሕዋሳት በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚሆን ሐሞት ያመነጫሉ። ይህ ሐሞት በሕዋሳት መካከል ባሉት ጠባብ ቦዮች አልፎ ወደ ቱቦዎች ይገባል። ቱቦዎቹም እየተገናኙ አንድ ዋና ቱቦ ይሆናሉ። ከዚያ በሐሞት ከረጢት ቆይቶ ምግብ ሲበላ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይፈስሳል።

ሐሞት ቅባትን የሚያሟሟው በውስጡ ባሉት የሐሞት አሲዶች ነው። እነዚህ አሲዶች ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ ከመቶ 95 የሚሆኑት በትንሹ አንጀት መጨረሻ ተመጥጠው በደም ወደ ጉበት ይመለሳሉ። ጉበትም እንደ ገና ወደ ሐሞት ይጨምራቸዋል። አገልግሎታቸው እንግዲህ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየቀኑ ብዙ ጊዜ የሚዞር ዙር ነው። ዙሩ በአንድ ቦታ ከተቋረጠ የሐሞት አሲድ በጉበትና በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ኮሌስታሲስ ይሉታል፤ ትርጉሙም የሐሞት መቆም ማለት ነው።

የሐሞትን መንገድ የሚያግዱት ነገሮች ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሐሞት ጠጠር፣ በቱቦው ወይም በቆሽት ራስ ላይ የሚበቅል ዕጢ፣ የቱቦው ጠባሳ፣ እንዲሁም ሕፃናት ሲወለዱ ወይም ከተወለዱ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሐሞት ቱቦ የሚዘጋበት በሽታ ናቸው። የሰውነት መከላከያ በራሱ ቱቦ ላይ ሲነሣም ሐሞት ይታገዳል። በእርግዝና መጨረሻ ወራትና በአንዳንድ መድኃኒቶች ምክንያትም ሊቆም ይችላል። በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች የሚታወቀው ወስፋትም ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሐሞት ቱቦ የሚገባበት ጊዜ አለ።

2ኛ/ መስኮት ስላለው ግድግዳ

ደም በጉበት ውስጥ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሲኑሶይድ ይባላሉ። ከውስጥ የሚሸፍናቸው ግድግዳ የተሠራው ጠፍጣፋና ስስ ከሆኑ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በቍጥር ከጉበት ሕዋሳት ሁሉ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ሲሆኑ፣ ስስ በመሆናቸው በጉበት ውስጥ የሚይዙት ቦታ ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። በዚህ ትንሽነታቸው ምክንያት ብዙ ዘመን እንደ ተራ ቧንቧ ሲቈጠሩ ኖረዋል።

ይህን አስተያየት ከለወጡት ሥራዎች አንዱ ኤዲ ዊሰ የተባሉት ተመራማሪ በ1970 ያሳተሙት ጥናት ነው። እኚህ ሰው የአይጥን ጉበት በልዩ ዘዴ አዘጋጅተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመረመሩ ጊዜ፣ የግድግዳው ሕዋሳት እንደ ወንፊት የተበሱ መሆናቸውን አሳዩ። የየቀዳዳው ስፋት በአማካይ የአንድ ሚሊሜትር ዐሥር ሺሕኛ ያህል ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ከዚህ ቀዳዳ 70 እጥፍ ያህል ይሰፋልና ሊያልፍበት አይችልም። የደም ውሃና በውስጡ የሟሟው ምግብ፣ ቅባትና መድኃኒት ግን ያልፋሉ። በሌሎች የአካል ክፍሎች ካሉት ደም ሥሮች በስተጀርባ የሚገኘው ድጋፍ ሰጪ ሽፋንም በዚህ ቦታ የለም። የጉበት ሕዋስና ደም እንግዲህ በዚህ ወንፊት ብቻ ተለያይተው ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ግድግዳው በደኅናው ጊዜ ከሚፈጽማቸው ተግባሮች አራቱን እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው ማጣራት ነው። በመስኮቶቹ በኩል ለጉበት ሕዋሳት የሚገባውን ያሳልፋል፤ የማይገባውን ይከለክላል።

ሁለተኛው መጥረግ ነው። የግድግዳው ሕዋሳት ያረጁ ፕሮቲኖችንና ጥቃቅን ቍርጥራጮችን ከደም ውስጥ እየዋጡ ይፈጫሉ። ተለቅ ያለውን ቆሻሻና ባክቴሪያ የሚውጡት በካርል ቮን ኩፕፈር ስም የሚጠሩት የኩፕፈር ሕዋሳት ናቸው። እነዚህም በዚያው መተላለፊያ ውስጥ ተለጥፈው ይኖራሉ።

ሦስተኛው ጎረቤትን ማረጋጋት ነው። ከግድግዳው በስተጀርባ ባለው ጠባብ ክፍተት የኮከብ ቅርጽ ያላቸው፣ ቪታሚን ኤን የሚያከማቹ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ከተነሣሡ የጠባሳ ክር ይፈትላሉ። የግድግዳው ሕዋሳት ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን አየር መሰል ንጥረ ነገር በጥቂቱ እያመነጩ መተላለፊያውን ያሰፉታል፤ የኮከብ ሕዋሳቱንም በጸጥታ ያቈዩአቸዋል።

አራተኛው ከሁሉ የሚያስደንቀው ነው። ከአንጀት በየዕለቱ የሚመጣው እንግዳ ነገር ሁሉ ጦር ቢያስነሣ ኖሮ ጉበት ዕረፍት ባላገኘ ነበር። የግድግዳው ሕዋሳት ግን የእንግዳውን ምልክት ለነጭ የደም ሕዋሳት ሲያሳዩ በትዕግሥት እንዲያልፉት የሚያደርግ መልእክት አብረው ይሰጣሉ። ይህን ስንል ግን ግድግዳው ጠላትን አይጠረጥርም ማለታችን አይደለም። በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ የአይጥ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአንጀት ባክቴሪያ የሚደርሰውን ምልክት የግድግዳው ሕዋሳት ሳያቋርጡ ያዳምጣሉ። በዚሁ መሠረት መከላከያ ሕዋሳት ደም በሚገባበት ዳር በኩል በዝተው እንዲሰፍሩ ያደርጋሉ። ይህ አሰፋፈር በተበላሸባቸው አይጦች ባክቴሪያ በቀላሉ ተሠራጭቷል። ስለዚህ ግድግዳው የአስተዋይ ዘበኛን ጠባይ ይዟል፤ በየመንገደኛው ላይ አይጮኽም፤ ነገር ግን አይተኛም።

3ኛ/ ሐሞት ሲታገድ የሚሆነው ነገር

ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥና ሲያቃጥል ሰው «ቁስሉ ተቆጣ» ይላል። በሕክምና ቋንቋ ይህ ብግነት ይባላል። ብግነት በመሠረቱ የሰውነት መከላከያ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር ወጥተው ወደ ተጎዳው ቦታ ይሄዳሉ፤ ወራሪውን ይገድላሉ፤ የሞተውን ያጸዳሉ። ነገር ግን ጠላት በሌለበት ቦታ ወይም ከልክ በላይ ከተጠሩ የሚጎዱት ባለቤቱን ነው።

የሐሞት ቱቦ በተዘጋ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጥሪ ይነሣል። የመጀመሪያው ከጉበት ሕዋሳት የሚመጣ ነው። በ2017 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ የሐሞት አሲድ በጉበት ሕዋስ ውስጥ ሲጠራቀም ሕዋሱን በቀጥታ ከመግደሉ በፊት እንዲጨነቅ ያደርገዋል። የተጨነቀውም ሕዋስ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚጠሩ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። ሁለተኛው ጥሪ ከአንጀት የሚመጣ ነው። ሐሞት ወደ አንጀት መውረዱን ሲያቆም በአንጀት ውስጥ የባክቴሪያ ብዛት ሚዛኑን ያጣል፤ የአንጀትም ግድግዳ ይላላል። ከዚህም የተነሣ ከወትሮው የበለጠ የባክቴሪያ መርዝ በደም ወደ ጉበት ይደርሳል።

ሁለቱም ጥሪዎች የሚደርሱት ለዚያው ለስሱ ግድግዳ ነው። ግድግዳውም በዚህ ጊዜ ጠባዩን ይለውጣል። በገጹ ላይ እንደ መንጠቆ የሚያገለግሉ ሞለኪውሎችን ያበዛል። ከእነዚህ አንዱ አይካም አንድ ይባላል። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ፈጥኖ ደራሽ የሆነው ኒውትሮፊል የተባለው ሕዋስ ደግሞ በበኩሉ ከዚህ መንጠቆ ጋራ የሚገጥም መያዣ አለው። በደም ፍሰት ሲያልፍ የነበረው ኒውትሮፊል በመንጠቆው ተይዞ ይቆማል፤ በግድግዳው በኩልም ሾልኮ ወደ ጉበት ሕዋሳት ይገባል። በዚያም ባክቴሪያን ለመግደል የተሰጠውን ብርቱ ኬሚካል በተጨነቀው የጉበት ሕዋስ ላይ ያፈስሳል።

መንጠቆው የጉዳቱ ተካፋይ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። ማስረጃው የተገኘው በአይጥ ላይ በተደረገ ሙከራ ነው። በ2003 እና በ2004 በታተሙት ጥናቶች ተመራማሪዎች የአይጦችን የሐሞት ቱቦ አሰሩ። አንዳንዶቹ አይጦች በተፈጥሮ ሥራ ለውጥ ምክንያት የኒውትሮፊሉ መያዣ የሌላቸው ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ የግድግዳው መንጠቆ አይካም አንድ የሌላቸው ነበሩ። በሁለቱም ዓይነት አይጦች ሐሞት እንደ ሌሎቹ ታግዶ ሳለ፣ የሞተው የጉበት ሕዋስ መጠን ከጤነኞቹ አይጦች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የሐሞት መታገድ ያው ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ከቀነሰ፣ ከጥፋቱ ከፊሉ የሐሞቱ ሳይሆን በግድግዳው በር በኩል የገባው ሠራዊት ሥራ ነው ማለት ነው።

ግድግዳው ግን በአንድ ጊዜ ጠላት አይሆንም። በ2007 በጀርመን አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች የእነዚህ ሕዋሳት ገጽ የሐሞት አሲድን የሚያውቅ ተቀባይ እንዳለው አስታወቁ። ቲጂአር አምስት የሚባለው ይህ ተቀባይ የሐሞት አሲድ ሲነካው ሕዋሱ ናይትሪክ ኦክሳይድን ለማመንጨት ያለውን ኃይል ያጠነክራል፤ የቁጣውንም መልእክት ያለዝባል። ይህ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች የሐሞት ጫና ሲደርስባቸው ጉበታቸው ይበልጥ ተጎድቷል። ከዚህ እንደምንረዳው ግድግዳው የሐሞትን መብዛት ሲያውቅ መጀመሪያ ለማብረድ ይሞክራል። ጭንቀቱ እየበዛና እየረዘመ ሲሄድ ግን የማብረድ ኃይሉ በጥሪው ይሸነፋል።

4ኛ/ መስኮቶቹ ሲዘጉ

እስካሁን የተነገረው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የሚሆነው ነው። እገዳው ለወራት ከቀጠለ የግድግዳው መልክ ራሱ ይለወጣል። ሻፍነርና ፖፐር የተባሉ የበሽታ ሊቃውንት በ1963 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በታመመ የሰው ጉበት ውስጥ ያሉት ሲኑሶይዶች ልዩ ጠባያቸውን አጥተው እንደ ማንኛውም የአካል ክፍል ቀጭን ደም ሥር እንደሚሆኑ ገለጹ። መስኮቶቹ ይጠፋሉ፤ በጀርባቸውም ቀድሞ ያልነበረ ሽፋን ይሠራል።

ይህ ለውጥ ሦስት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ፣ በደምና በጉበት ሕዋስ መካከል የነበረው መቀባበል ስለሚደናቀፍ ጉበት ሥራውን በሚገባ ለመፈጸም ይቸገራል። ሁለተኛ፣ የናይትሪክ ኦክሳይድ መጠን ሲያንስ መተላለፊያው ይጠብባል። ከአንጀት የሚመጣው ደም መግቢያ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ በጉሮሮ ቱቦ ግርጌ ያሉት ደም ሥሮችም ተወጥረው ሊፈነዱና ሰው ደም ሊተፋ ይችላል። ሦስተኛ፣ የኮከብ ሕዋሳቱ የሚያረጋጋቸው ጎረቤት ስለማይኖራቸው ተነሥተው የጠባሳ ክር መፍተል ይጀምራሉ። ጠባሳው ጉበትን በሙሉ ሲያዳርስ ሲሮሲስ ይባላል።

ከአጭርና ከረጅም ጉዳት መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት በ2014 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታትሟል። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት፣ የአይጥ ጉበት ለአጭር ጊዜ ሲጎዳ የግድግዳው ሕዋሳት ጉበትን እንደ ገና የሚያሳድጉ መልእክቶችን ይልካሉ። ጉዳቱ ሳይቋረጥ ሲመላለስ፣ ወይም የሐሞት ቱቦ ታስሮ ሲቆይ ግን እነዚያው ሕዋሳት ወደ ሌላ መንገድ ዞረው ጠባሳን የሚያበዙ መልእክቶችን መላክ ይጀምራሉ። ሕዋሱ አንድ ነው፤ መልእክቱን የለወጠው የጊዜው መርዘም ነው።

በዚህ ቦታ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ከላይ ከተነገረው ብዙው የተገኘው በአይጥ ሙከራ ነው። የአይጥ ቱቦ በአንድ ቀን በክር ይታሰራል፤ በሰው ላይ የሚደርሱት በሽታዎች ግን ብዙዎቹ ቀስ በቀስ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ መንጠቆውን የሚይዝ ወይም መስኮቶቹን የሚከፍት መድኃኒት በአይጥ ላይ ቢሠራ በሰው ላይም ይሠራል ብሎ መደምደም አይገባም። ለጊዜው በሐኪም እጅ ያለው ዋናው መሣሪያ እገዳውን ማንሣት ነው፤ እገዳው በማይነሣባቸው አንዳንድ በሽታዎችም እንደ ኡርሶዴኦክሲኮሊክ አሲድ ያለ መድኃኒት ይሰጣል።

እገዳውን ማንሣት ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም በሰው ላይ የታየ ማስረጃ አለ። በ2001 የፈረንሳይ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፣ በቆሽት ሕመም ምክንያት የሐሞት ቱቧቸው ጠብቦ የነበሩ ሕሙማን ሐሞታቸው በቀዶ ሕክምና መፍሰሻ ከተበጀለት በኋላ፣ ከመካከላቸው በብዙዎቹ የጉበታቸው ጠባሳ ቀንሶ ተገኝቷል። አንድ ጊዜ የተሠራ ጠባሳ አይመለስም የሚለው የቀድሞ አስተያየት በዚህ ተዳክሟል። ነገር ግን ሁሉም ሕሙማን አልተሻሻሉም፤ ጠባሳው የገፋ ከሆነም ተስፋው ያንሳል።

5ኛ/ ከዚህ ትምህርት ስለሚገኘው ጥቅም

የትምህርቱ ፍሬ በአጭሩ ይህ ነው፤ የታገደ ሐሞት የሚያደርሰው ጉዳት በጊዜ የሚቈጠር ነው። ግድግዳው ለማብረድ በሚታገልበት ጊዜ የደረሰ ሕክምና እና መስኮቶቹ ተዘግተው ጠባሳ ከተፈተለ በኋላ የደረሰ ሕክምና ውጤታቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ድርጅት መሄድ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ግዴታ ነው።

ስለ ሕፃናት። ብዙ ጨቅላ ሕፃናት በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጫ ይሆናሉ፤ ብዙውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ቢጫነት ግን ምርመራ ይጠይቃል። በተለይም የሕፃኑ ዓይነ ምድር እንደ ኖራ ወይም እንደ ነጭ ጭቃ ከሆነ፣ ሽንቱም ጨርቅ የሚያቀልም ከሆነ፣ የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ይሆናልና አንድ ቀን እንኳ ማሳደር አይገባም። ሞሪዮ ካሳይ የተባሉት ጃፓናዊ ሐኪም በ1959 ያስተዋወቁት ቀዶ ሕክምና አንጀትን ከጉበት ጋራ በማገናኘት ለሐሞት መውጫ ያበጅለታል። ይህ ሕክምና የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ነው። ከተደረገላቸውም መካከል ብዙዎቹ ቈይቶ ጉበት መተካት ያስፈልጋቸዋል። ሳይደረግ ሲቀር ግን በሽታው ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ሕፃኑን ይገድላል።

ስለ አዋቂዎች። ቢጫነት፣ በቀኝ ጎን የሚሰማ ብርቱ ሕመምና ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ፣ በታገደው ሐሞት ውስጥ ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ምልክት ዣን ማርተን ሻርኮ የተባሉት ፈረንሳዊ ሐኪም በ1877 ገልጸውታል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሕመም ሳይኖር ቀስ በቀስ የሚመጣ ቢጫነትና ክብደት መቀነስም ቸል የሚባል አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ወራት መዳፍና ውስጥ እግሯን ሽፍታ ሳይኖር አጥብቆ ቢያሳክካት ለሐኪም ትንገር፤ የሐሞት አሲዷ ከልክ በላይ ከበዛ በፅንሱ ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላልና።

ስለ «የወፍ በሽታ» አጠራር። ይህ ስም ብዙ በሽታዎችን በአንድነት ይይዛል። ከመካከላቸው በቫይረስ የሚመጣ የጉበት ብግነት አለ፤ የደም ሕዋሳት ከመጠን በላይ መፍረስ አለ፤ የሐሞት መታገድም አለ። ሕክምናቸው የተለያየ ስለ ሆነ ዓይን ቢጫ መሆኑን አይቶ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የደምና የአልትራሳውንድ ምርመራ ግን መንገዱ የታገደ መሆን አለመሆኑን ለመለየት በእጅጉ ይረዳል። በየመንደሩ ለዚህ ሕመም ቅጠልና ሥር ጨምቆ የማጠጣት ልማድ አለ። አንዳንድ ዕፀዋት ጉበትን ራሱን የሚጎዱ ናቸው። የማይጎዱት እንኳ ቢሆኑ በጠጠር የተዘጋ ቱቦ አይከፍቱም። በዚህ መካከል የሚያልፈው ሳምንት ግድግዳው ሊመልሰው የማይችል ሳምንት ሊሆን ይችላል።

ስለ ወስፋት። የወስፋት እንቁላል በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ አፈር፣ ውሃና ያልታጠበ አትክልት ጋራ ወደ አፍ ይገባል። ሽንት ቤት መቈፈርና በአግባቡ መጠቀም፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አትክልትን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ለልጆችም የትል መድኃኒት በጊዜው መስጠት የሐሞትን መንገድ ከዚህ እንግዳ ያድነዋል።

6ኛ/ ለአስተዳደር ሠራተኞች የሚሆን ምሳሌ

ጉዳዩ የሐኪም ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ከታይዋን ይገኛል። በዚያ አገር ከ2004 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሕፃን በሚሰጠው የጤና ደብተር ውስጥ የዓይነ ምድር ቀለሞች የታተሙበት ካርድ እንዲገባ ተደረገ። እናት የልጅዋን ዓይነ ምድር ከካርዱ ጋራ ታስተያያለች፤ ከነጣው ቀለም ጋራ ከተመሳሰለ ወደ ሐኪም ትሄዳለች። ከዚህ በኋላ ቀዶ ሕክምናውን 60 ቀን ሳይሞላቸው የሚያገኙት ሕፃናት ድርሻ ጨመረ። ካርዱ በቀለም የታተመ ወረቀት ብቻ ነው፤ ማንበብ የማትችል እናትም ትረዳዋለች።

ይህን መሰል ሥራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የጤና ረዳቶች፣ የልምድ አዋላጆችና የቀበሌ ሹማምንት ሁለት ነገር በቃላቸው እንዲይዙ ነው፤ እነርሱም የሁለት ሳምንት ገደብና የነጣ ዓይነ ምድር ናቸው። ከዚህ ሌላ ሕፃኑ ወይም ሕመምተኛው ከገጠር ወደ ሆስፒታል የሚላክበት ደብዳቤና መጓጓዣ በቢሮ እንዳይዘገይ ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ጉዳይ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን ሲያድር በፋይሉ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም፤ በሕፃኑ ጉበት ውስጥ ግን መስኮቶቹ በየቀኑ ይዘጋሉ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ በቤቱና በጎረቤቱ ያለውን ጨቅላ ሕፃን ዓይንና ጨርቅ ይመልከት፤ ያየውንም ለእናቲቱ ሳያፍር ይንገራት። ቢጫ ዓይንና ነጭ ዓይነ ምድር አንድ ላይ ከታዩ ምክር የሚጠየቀው ሐኪም ነው፤ የሚሄዱበትም ቀን ያው የታየበት ቀን ነው።